ማሲንቆን በአንድ ግዝገዛ

«ጋሼ፣ ማሲንቆው ለምን ኦርጋን ኦርጋን ይልብኛል?» ጥያቄው የመጣው ከሶረቃ ነው። ልጁ የአጎቱ ላፕቶፕ ላይ ሚልኪ ትራከር የሚባለውን የሙዚቃ ፕሮግራም ጭኖ በራሱ የሚፍጨረጨር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። ፋይሉን በፍላሽ አምጥቶልኝ ከፈትኩት። የተለፋበት፣ ንጹሕ ሥራ ነው። ማሲንቆውን ከአንድ አዝማሪ በስልኩ ቀድቶ፣ እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻ ቆርጦ፣ በየቁልፉ ደርድሮታል። እንዲህ አድርግ ብሎ የመከረው ጎንደር ከተማ ስቱዲዮ ያለው አንድ አቀናባሪ ነው። ከሰውዬው ጋር በዚሁ ጉዳይ ስንከራከር ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ መልሴን ለልጁም ለእሱም አንድ ላይ እጽፈዋለሁ።

ማሲንቆ አንድ ሳምፕል ይበቃዋል። ደጋኑ ሳይመለስ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተገዘገዘ አንድ ረጅም ድምፅ። ሌላው ሁሉ ከኖታው ጎን ትዕዛዝ የሚጻፍበት የኢፌክት አምድ ሥራ ነው።

አዝማሪ ሲጫወት ግራ እጁን አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ጣቱ ጭራውን ከጎኑ ይነካዋል እንጂ ከእንጨቱ ጋር አያጣብቀውም። እንደ ጊታር ጣት የሚያርፍበት ብረት የለም። ስለዚህ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሄድ መሃል ላይ ያለውን ሁሉ ነካክቶ ነው የሚያልፈው፣ አንዳንዴ በፍጥነት፣ አንዳንዴ እያስለቀሰ። ድምፆቹን ለየብቻ የቆረጠ ሰው መድረሻዎቹን ይዞ መንገዱን ጥሎታል። ኦርጋን ኦርጋን የሚለው ለዚህ ነው። የቀረጻው ጥራት ቢጨምር፣ ማይክሮፎኑ ቢቀየር፣ ሳምፕሉ ባለ 24 ቢት ቢሆን የጎደለው አይመጣም።

በአንቺሆዬ ቅኝት እንየው። ከሲ ብንነሳ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው። የመጀመሪያውን ኖታ ሳምፕሉን አስነስቼ እጽፋለሁ። ሁለተኛው ኖታ አጠገብ 304 አለ። የ3 ትዕዛዝ ሳምፕሉን እንደገና አያስነሳም፤ እየጮኸ ያለውን ድምፅ ይዞ ወደ አዲሱ ኖታ ይስበዋል። በኤክስኤም ፋይል፣ በሊኒየሩ አቆጣጠር፣ 04 ማለት በአንድ ቲክ ሩብ ሰሚቶን ነው። ስፒዱ 6 ከሆነ አንዱ መስመር 6 ቲክ አለው፤ በመጀመሪያው ቲክ ላይ ግን ስበት ስለሌለ በአንድ መስመር የሚጓዘው አንድ ሰሚቶን ከሩብ ብቻ ነው። ከሲ ወደ ዲ ፍላት መስመሩ ሳያልቅ ይደርሳል። ከዲ ፍላት ወደ ኤፍ ግን አራት ሰሚቶን ነው፤ በዚያው 304 ከሦስት መስመር በላይ ይፈጅበታል። ቴምፖው 125 ሲሆን አንድ መስመር የሰከንድ 12 መቶኛ ነውና፣ ጆሮ ይህን መጎተት በደንብ ይሰማዋል። እዚያ ላይ 310 እጽፋለሁ፤ ትዕዛዙ በሄክሳዴሲማል ስለሚቆጠር 10 የ04 አራት እጥፍ ነው፦ በአንድ ቲክ አንድ ሰሚቶን፣ በአንድ መስመር ውስጥ ደርሶ ያርፋል። አዝማሪም ይህንኑ ነው የሚያደርገው፤ ለሩቁ ድምፅ እጁ ይፈጥናል፣ ለቅርቡ ይዘገያል። በአንድ ዜማ ውስጥ ሁሉንም ስበት በአንድ ቁጥር የጻፈ ሰው ማሲንቆ ሲገዘገዝ አላስተዋለም ማለት ነው።

ከዚያ የደጋኑ መመለሻ አለ። ደጋኑ አቅጣጫ ሲቀይር ትንሽ የመቧጨር ድምፅ ይወጣል። ሳምፕሉን እንደገና የማስነሳው እዚያ ላይ ብቻ ነው፦ ሐረጉ ሲጀምርና ደጋኑ ሲመለስ። አንዳንድ ጊዜ ሳምፕሉ መነሳት ኖሮበት መቧጨሩ ግን እንዲሰማ አልፈልግም። ያኔ 908 ጽፌ ከሳምፕሉ 2048ኛ ነጥብ አስጀምረዋለሁ፤ ጠርዙ ተዘሎ የሞላው ድምፅ ይመጣል። እነዚህን ሁለቱን፣ የ3ንና የ9ን ትዕዛዝ፣ በቅጡ የያዘ ሰው ከአንድ ግዝገዛ ሙሉ ዘፈን ያወጣል። ስበቱን ወደ ቮልዩም አምዱ አዛውሮ በኢፌክት አምዱ ላይ ደግሞ 4ን፣ ቪብራቶውን፣ ማስገባት ይቻላል። ቪብራቶ ግን ድምፁ ካረፈ በኋላ ነው፤ ገና ሳይደርስ የሚንቀጠቀጥ ማሲንቆ እኛ አገር የለም።

የጎንደሩ ወዳጄ አንድ እውነት አለው፤ አልክድበትም። ሳምፕል ከፍ ባለ ቁጥር ይፈጥናል። ቧጨራውም፣ የሳጥኑ የራሱ ድምፅም አብሮ ይቀጥናል፤ አንድ ኦክታቭ ከፍ ሲል ማሲንቆው የትንኝ ይሆናል። «ለዚህ ነው ሁሉንም ለየብቻ የምቀዳው» ይለኛል። የኔ መልስ ቀላል ነው፦ ሳምፕሉን ከመሃል ውሰድ። የዜማው መሃል ላይ ካለው ድምፅ ከተነሳህ ወደ ላይም ወደ ታችም የምትጓዘው ግማሽ ኦክታቭ ገደማ ነው። አዝማሪ ጭራውን የሚቃኘው ለዘፋኙ ጉሮሮ ነው፤ ከጉሮሮው ርቆ ብዙ አይሄድም። በግማሽ ኦክታቭ ውስጥ የሚመጣው ለውጥ ደግሞ ጣት ወደ ላይ ሲወጣ ማሲንቆው ራሱ ከሚያመጣው ለውጥ ብዙም አይርቅም።

በቅኝቱም እንጣላለን። እሱ ኪቦርዱ የሰጠውን ድምፅ ይቀበላል፤ እኔ አልቀበልም። የአንቺሆዬ ሁለተኛና አራተኛ ድምፅ ኪቦርዱ ያስቀመጠበት ቦታ ላይ ሲሆኑ ለኔ ጆሮ ሌላ ዘፈን ይሆናሉ። በድሮው ሞድ ፋይል የኢ5 ትዕዛዝ ሰሚቶኑን ለ8 ይከፍለዋል፤ በኤክስኤም ደግሞ ፋይንቲዩኑ ሰሚቶኑን ለ128 ይከፍላል። አንድ ሳምፕል ብቻ ስላለኝ እያንዳንዱ ድምፅ ጆሮዬ እስኪቀበለው ድረስ በትንሹ ላነሳውም ላወርደውም እችላለሁ። አሥራ ሁለት ሳምፕል የደረደረ ሰው አሥራ ሁለቱንም አንድ በአንድ ሊያርም ነው፤ ዘፋኙ ቅኝት ሲለውጥ ደግሞ እንደገና ሀ ብሎ።

ስለ ከበሮ ብዙ አልልም፤ ሰፊውን አፍና ጠባቡን አፍ ለየብቻ ቅዳ፣ በቮልዩም ለያየው፣ አበቃ። አንድ ነገር ግን የጀማሪ ሁሉ እንቅፋት ነው። ፓተርኑ፣ ኖታው የሚጻፍበት ሰንጠረዥ፣ ሲከፈት 64 መስመር ነው። ቺክቺካ በስድስት የሚሄድ ምት ነው፤ 64 ደግሞ ለስድስትም ለአሥራ ሁለትም አይካፈልም። ፓተርኑን 48 አድርገው፤ ለአንድ ዙር 12 መስመር፣ አራት ዙር። እስክስታው ያኔ ትከሻ ላይ ይወጣል። ማሲንቆው ከዘፋኙ እኩል አፍ ለአፍ እንዳይገጥም ደግሞ ሐረጉን የሚጀምረውን ኖታ በኢዲ2 ሁለት ቲክ አዘግየው። የሰከንድ 4 መቶኛ ናት። ዘፋኙ ይመራል፣ ማሲንቆው ይከተላል፤ ከአዝማሪ ጋር ያመሸ ሁሉ ይህን መከተል ያውቀዋል።

ትራከር የተሠራው ለኛ አይደለም። ጀርመናዊው ካርስተን ኦባርስኪ በ1987 እ.ኤ.አ. አልቲሜት ሳውንድትራከርን ያወጣው ለአሚጋ ኮምፒውተር፣ ለጌም ሙዚቃ ነበር። አራት ቻናል፣ ባለ 8 ቢት ድምፅ፣ ብዙ አሚጋ ደግሞ 512 ኪሎባይት ሜሞሪ ብቻ። በአሚጋ የሚሠሩት ሰዎች ሜሞሪ ስላጠራቸው ከአንድ አጭር ሳምፕል ብዙ ማውጣት ግድ ሆነባቸው፤ ስበቱ፣ መዝለሉ፣ መንቀጥቀጡ ሁሉ የመጣው ከዚያ እጥረት ነው። የነሱ እጥረት ለኛ ዜማ ልክ ሆኖ ተገኘ። እኔ ባለሁበት ሳንጃ መብራት ሲጠፋ፣ በተዳከመ ባትሪ፣ በአሮጌ ላፕቶፕ የሚሠራ ፕሮግራም እፈልጋለሁ፤ ትራከር ይህን ያደርጋል። ግን ጥሩ ኮምፒውተር ቢኖረኝም ከዚህ አልወጣም።

ቀረጻው ላይ ለልጁ የነገርኩት ይህን ነው። በክረምት አትቅዳ። ቆዳው እርጥበት ጠጥቶ ይላላል፣ ድምፁም ይደነዝዛል። በበጋ፣ የኛ ቆላ ሲግል፣ ቆዳው ተወጥሮ ማሲንቆው ጥርት ብሎ ይናገራል። ስልኩን ከሳጥኑ ፊት ለፊት አትደቅነው፤ ወደ ጎን አድርገው። የድምፅ መቅጃው ወደ ኤኤምአር የሚጨምቅ ከሆነ ዌቭ የሚቀዳ ሌላ አፕ ጫን፤ ኤኤምአር ለወሬ የተሠራ ነው፣ የጭራውን ላይኛ ድምፅ በልቶ ይጨርሰዋል። አዝማሪው ጭራውን በዕጣን እስኪያሽ ጠብቀው፤ ዕጣን ያልነካው ጭራ ይንሸራተታል እንጂ አይጮኽም። ዕጣኑ የኛው ነው፣ መተማና ቋራ ከሚደማው ዛፍ። የጀነሬተር ድምፅ ከሩቅ ቢገባበት ግን አትጨነቅ። ጫጫታን የሚያጸዱ ፕሮግራሞች የደጋኑንም ትንፋሽ አብረው ያጸዱታል።

ባህላዊ ድምፅን ከማሽን ጋር ማጋባት አዲስ ነገር አይደለም። ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ላይ አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር ብቻውን ሆኖ ቀድቶታል። በኛ ጊዜ ደግሞ ሙዚቀኛው እንደገና ሙሉ፣ ኢትዮጵያን ሪከርድስ በሚለው ስሙ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. «ቀን ሰባት»ን አወጣ፤ ሚካኤል ሰይፉ በ2016 «ዘላለም»ን፣ ሮፍናን በ2018 «ነጸብራቅ»ን። በትራከር ሠሩ እያልኩ አይደለም። የቤታችንን ድምፅ ይዘው ወደ ማሽኑ መግባታቸው ግን አበርትቶኛል። ሰዎች እነሱን ሲያዳምጡ ምቱን ያወራሉ፤ እኔ የማዳምጠው አንድ ድምፅ ከሌላው ጋር እንዴት እንደተሳሰረ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምከርር ልንገራችሁ። ልጅ ሆኜ ሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ አዝማሪዎች ከደጋ ወደኛ ይወርዱ ነበር፤ ገንዘብ የሚንቀሳቀሰው ያን ጊዜ ነዋ። ሠራተኛው ከእርሻ ሲገባ ጠላ ቤቱ ይሞላል፣ ማሲንቆው ይነሳል፣ ሽለላው ይቀጥላል። እኔ በር ላይ ቆሜ ጣታቸውን አያለሁ። አንድ ቀን አንዱ አዝማሪ ማሲንቆውን አስያዘኝ። አባቴ አየና «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ብሎ እጄን ይዞ አወጣኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። እሱ ባደገበት አገር ማሲንቆ ከአባት ወደ ልጅ የሚሄድ የአንድ ወገን ሙያ ነበር፤ ሌላው ሰው ይሸልማል፣ ይጨፍራል፣ ማሲንቆውን ግን አይነካም። አዝማሪውን አጠገቡ አስቀምጦ የሚስቀው ሰው ለልጁ ሲሆን ይንቀው ነበር። ይህ ንቀት እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

ማሲንቆ መገዝገዝ ሳልማር አደግኩ። የስልክ ጥገናና ሙዚቃ መጫኛ ሱቅ ከፍቼ የሰው ሜሞሪ ካርድ ስሞላ፣ አንድ ደንበኛ ካመጣው ፍላሽ ውስጥ ትራከር አገኘሁ። አብረውት የማላውቃቸው ሰዎች የሠሯቸው ፋይሎች ነበሩ። የትራከር ፋይል እንደ ኤምፒስሪ የተዘጋ አይደለም፤ ሳምፕሉም፣ ኖታውም፣ እያንዳንዱ ስበትም ውስጡ አለ። ከፍተህ የሰውየውን እጅ ታያለህ። በር ላይ ቆሜ ጣት ሳይ የተውኩትን ትምህርት እዚያ ቀጠልኩት። በ3 ትዕዛዝ ሁለት ድምፅ ያገናኘሁ ቀን፣ የተከለከልኩት ነገር እጄ ላይ እንደነበረ ተሰማኝ። ከዚያ ወዲህ አዝማሪ ሲመጣ በር ላይ አልቆምም፤ ገብቼ አጠገቡ እቀመጣለሁ፣ ፈቃዱን እጠይቃለሁ፣ ለቀረጻው እከፍለዋለሁ። አንድ ግዝገዛ ብቻ ስለምጠይቅ መጀመሪያ ሁሉም ይገረማሉ።

እነዚያ የጥንት ትራከረኞች አንድ ልማድ ነበራቸው። ለእያንዳንዱ ሳምፕል 22 ፊደል የሚይዝ የስም ቦታ አለ፤ እነሱ የሳምፕሉን ስም በመጻፍ ፈንታ ለወዳጆቻቸው ሰላምታ ይጽፉበታል፣ ያገዛቸውን ያመሰግኑበታል። እኔ የአዝማሪውን ስምና የመጣበትን አገር እጽፍበታለሁ። ቦታው የግዕዝ ፊደል ስለማይቀበል በላቲን ነው የምጽፈው፤ ይህ ደስ አይለኝም፣ ግን ከምንም ይሻላል። አሥራ ሁለት ሳምፕል ከደረደርክ «ማሲንቆ 1፣ ማሲንቆ 2» እያልክ ትሄዳለህ። ሳምፕሉ አንድ ሲሆን የማን ግዝገዛ እንደሆነ ትጽፋለህ። ባለፈው በጋ የቀዳሁት አዝማሪ ስሙ የተጻፈበትን አሳየኝ አለ። አሳየሁት፣ አነበብኩለት። ከሥሩ ያሉት መስመሮች ባዶ መሆናቸውን አይቶ ያስተማረውን ሰው ስም እንድጨምር ጠየቀኝ፤ እሱን ስጽፍ የእሱን አስተማሪ ነገረኝ፣ ያንንም ጻፍኩ።