አስቀድሞ መያዝ፥ በኋላ መስማት፤ ስለ አሜሪካ ግዛቶች የጠመንጃ መያዣ ሕግ የቀረበ ትችት

አንድ ሰው ወንጀል ሳይሠራ፥ ክስም ሳይቀርብበት፥ «ራሱን ወይም ሌላውን ሰው ይገድል ይሆናል» ተብሎ ስለ ተጠረጠረ ብቻ ጠመንጃው ከቤቱ ሊወሰድበት ይገባልን? ይገባል ከተባለስ፥ ከመወሰዱ በፊት በዳኛ ፊት ቀርቦ ቃሉን ሊሰጥ አይገባውምን? በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ከሃያ የሚበልጡ ግዛቶች በየሕጋቸው ለፊተኛው ጥያቄ «ይገባል»፥ ለኋለኛው ደግሞ «ቆይቶ ይሰማል» ብለው መልሰዋል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ይህ መልስ ከተገቢው የሕግ ሥርዓት ጋራ የሚስማማው እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ መመርመር ነው።

ነገሩን በሚገባ ለመረዳት አስቀድሞ አንድ ልዩነት ማስታወስ ያስፈልጋል። በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያ የሚያዘው በመንግሥት ፈቃድ ነው። በአሜሪካ ግን ጠመንጃ መያዝ እ.ኤ.አ. በ1791 በጸደቀው በሁለተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የታወቀ መብት ነው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2008 በሄለር ጉዳይ መብቱ የእያንዳንዱ ሰው የግል መብት መሆኑን፥ በ2010 ደግሞ ግዛቶችንም የሚያስገድድ መሆኑን ፈርዷል። በዚህም ላይ በ1868 የጸደቀው ዐሥራ አራተኛው ማሻሻያ ማንኛውም ግዛት ያለ ተገቢ የሕግ ሥርዓት የማንንም ሰው ሕይወት፥ ነፃነት ወይም ንብረት እንዳይወስድ ይከለክላል። እንግዲህ ፖሊስ ጠመንጃውን ሲወስድ ንብረቱንም መብቱንም በአንድ ጊዜ ይነካል ማለት ነው።

እነዚህ ሕጎች ብዙውን ጊዜ የወጡት ከሐዘን በኋላ ነው። በኮነቲከት በ1998 አንድ የሎተሪ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ አራት የሥራ ባልደረቦቹን ገድሎ ራሱን ስለ ገደለ፥ የመጀመሪያው ሕግ በዚያው ግዛት በ1999 ወጣ። በኢንዲያና ፖሊሶች የአእምሮ ሕመም ካለበት ሰው ጠመንጃዎቹን ወስደው ነበር፤ ነገር ግን ይዘው ለማቆየት የሚያስችላቸው ሕግ ስላልነበረ መለሱለት። ሰውየው ጥቂት ወራት ቆይቶ በ2004 እናቱንና አንድ የፖሊስ ባልደረባ ገደለ፤ ሕጉም በ2005 ወጣ። በፍሎሪዳም በየካቲት 2018 በአንድ ትምህርት ቤት 17 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ በሚከተለው ወር ሕጉ ጸደቀ።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ፖሊስ ወይም በብዙ ግዛቶች የቤተ ዘመድ ሰው በመሐላ የተረጋገጠ ማመልከቻ ለፍርድ ቤት ያቀርባል። ዳኛው የአንዱን ወገን ቃል ብቻ ሰምቶ ጊዜያዊ ትእዛዝ ለመስጠት ይችላል፤ ጠመንጃውም ይወሰዳል። ከዚህ በኋላ ባለመሣሪያው በችሎት ቀርቦ ይከራከራል። በፍሎሪዳ፥ በዋሽንግተን ግዛትና በኮሎራዶ ይህ ክርክር በ14 ቀን ውስጥ መሰማት አለበት። ዳኛው አደጋ መኖሩን ካመነበት፥ ትእዛዙ እስከ አንድ ዓመት ያህል ሊጸና ይችላል።

ሕጉን የሚነቅፉት ሰዎች ዋና ክርክራቸው «ሳይሰሙ መውሰድ ግፍ ነው» የሚል ነው። ለዚህም የሚጠቅሱት አያጡም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1972 በፉዌንቴስ ጉዳይ በዱቤ የተገዛ ምድጃና የሙዚቃ ማጫወቻ እንኳ ባለቤቱ ሳይሰማ ሊወሰድ አይገባም ሲል ፈርዷልና። ነገር ግን ያው ፍርድ እጅግ የሚያስቸኩል ልዩ ሁኔታ ሲያጋጥም አስቀድሞ መውሰድ እንደሚቻል አምኗል። ምድጃ በ14 ቀን ውስጥ ማንንም አይገድልም። የጠመንጃ አፈ ሙዝ በራሱ ላይ ለደገነ ሰው ግን መጥሪያ ልኮ ቀጠሮ መጠበቅ ሕግን ማክበር ሳይሆን ሕይወትን ቸል ማለት ነው። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ነቀፋው በዚህ ቦታ ላይ አይጸናም።

ደጋፊዎቹም ቢሆኑ ማስረጃቸውን እስከ መጨረሻው ሊያነቡት ይገባል። የዱክ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት የሚገኙባቸው ተመራማሪዎች በኮነቲከት ከ1999 እስከ 2013 ጠመንጃ የተወሰደባቸውን 762 ጉዳዮች መርምረው፥ ከ10 እስከ 20 በሚሆኑ ሰዎች ላይ መሣሪያ ሲያዝ የአንድ ሰው ራስን መግደል እንደሚቀር ገምተዋል። አንድ ሕይወት የሚያድን ሕግ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ይኸው ቍጥር ሌላም ነገር ይነግረናል። አንዱ ሲድን፥ የቀሩት ዘጠኝ ወይም ዐሥራ ዘጠኝ ሰዎች መሣሪያቸው ባይወሰድም ራሳቸውን ባልገደሉ ነበር ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች ለሌላው መዳን መብታቸውን ለጊዜው ያበደሩ ናቸው። ከአበዳሪው ላይ የወሰደ መንግሥት ቢያንስ በሚገባ ሊሰማው ዕዳ አለበት።

ሕጉ ፈጽሞ ይቅር የሚሉትም ቢሆኑ የካኒግሊያን ጉዳይ ሊመለከቱ ይገባል። በ2015 በሮድ አይላንድ አንድ ባል ከሚስቱ ጋራ ተጣልቶ ሽጉጡን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «ግደይኝ» አላት። በማግሥቱ ፖሊሶች መጡ፤ እርሱ ለምርመራ ወደ ሐኪም ቤት ሲሄድ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ከቤቱ ገብተው መሣሪያውን ወሰዱ። በዚያን ጊዜ ግዛቲቱ እንደዚህ ያለ ሕግ አልነበራትም፤ ያወጣችው በ2018 ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2021 በሙሉ ድምፅ እንደ ፈረደው፥ ፖሊስ «ለሕዝብ ደኅንነት አስቤ ነው» በማለቱ ብቻ ያለ ትእዛዝ ከሰው ቤት ለመግባት አይችልም። ከዚህ የምንረዳው የሕጉ አለመኖር ባለመሣሪያውን እንዳላዳነው ነው፤ ያጣው ጠመንጃውን ብቻ ሳይሆን «በሕግ አምላክ» ብሎ የሚቆምበትን ችሎትም ነበር።

እንግዲህ እውነተኛው ጉድለት የት ነው? ጉድለቱ ያለው በመጀመሪያው ሌሊት ሳይሆን፥ ከዚያ በኋላ በሚደረገው ክርክር ነው። ሕጎቹ ጉዳዩን «ፍትሐ ብሔር» ብለው ስለሚጠሩት፥ ብዙዎቹ ግዛቶች ለድኻው በመንግሥት ወጪ ጠበቃ አያቆሙለትም። በሌላው ወገን ግን ብዙ ጊዜ ፖሊስ ከነሕግ አማካሪው ይቆማል። ኮሎራዶ በ2019 ባወጣችው ሕግ ባለመሣሪያው በግዛቲቱ ወጪ ጠበቃ እንዲቆምለት ስለ ደነገገች፥ ነገሩ ሊደረግ የማይቻል ነው ለማለት አይቻልም። የማስረጃውም ሚዛን ከግዛት ግዛት ይለያያል። ፍሎሪዳና ኮሎራዶ ለመጨረሻው ትእዛዝ ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ ሲጠይቁ፥ የዋሽንግተን ግዛት ግን በጥቂቱም ቢሆን ሚዛን የደፋ ማስረጃ ይበቃል ትላለች። ከዚህም በላይ በፍሎሪዳ ባለመሣሪያው ትእዛዙ ከጊዜው በፊት እንዲነሣለት ቢጠይቅ፥ አደገኛ አለመሆኑን የማስረዳቱ ሸክም በእርሱ ላይ ይወድቃል። ያልሆነውን ነገር ማስረዳት የሆነውን ከማስረዳት ይልቅ ምን ያህል እንደሚከብድ ከችሎት የዋለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1976 በማቲውስ ጉዳይ ለዚህ ዓይነት ነገር ሦስት መመዘኛዎች ሰጥቶናል፤ እነርሱም የግለሰቡ ጥቅም፥ የስሕተት ዕድልና ተጨማሪ ጥበቃ የሚሰጠው ፋይዳ፥ የመንግሥትም ጥቅም ናቸው። በመጀመሪያው ቀን የመንግሥት ጥቅም፥ ማለት ሕይወትን ማዳን፥ ሚዛኑን ይደፋል። በዐሥራ አራተኛው ቀን ግን ጠመንጃው በፖሊስ እጅ ስለ ሆነ ጥድፊያው አልፏል፤ የቀረው የስሕተቱ ዕድል ነው። ስለዚህ ያን ጊዜ ጥበቃው ሊጠነክር ይገባል እንጂ ሊላላ አይገባም።

በሰኔ 2022 የወጣው የፌዴራል ሕግ ለእነዚህ አሠራሮች ገንዘብ ሲሰጥ፥ በችሎት የመቅረብን፥ ማስረጃ የማቅረብንና ምስክሮችን የመጠየቅን መብት ግዴታ አድርጓል። ጠበቃ የማቆምንም መብት ጠቅሷል፤ ነገር ግን ወጪው በመንግሥት ላይ እንዳይሆን አድርጎ ነው። ይህ ለባለጸጋ መብት፥ ለድኻ ግን ጽሑፍ ብቻ ነው። በ2024 በራሂሚ ጉዳይም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለሌላው ሰው አስጊ መሆኑ በፍርድ ቤት የተረጋገጠበትን ሰው ለጊዜው መሣሪያ ማስፈታት ይቻላል ብሎ በስምንት ለአንድ ድምፅ ፈርዷል። ያ ትእዛዝ ግን ሰውየው እንዲያውቀውና እንዲቀርብ ዕድል ከተሰጠው በኋላ የተሰጠ ስለ ሆነ፥ ሳይሰሙ ስለ መያዝ የሚነሣውን ጥያቄ አልዘጋውም።

አደጋው በወረቀት ላይ ብቻ አይደለም። በሜሪላንድ በኅዳር 2018 ፖሊሶች እንደዚህ ያለ ትእዛዝ ለማድረስ ሊነጋ ሲል በአንድ ሰው በር ላይ ቆሙ፤ ሰውየው ሽጉጥ ይዞ ከፈተ፥ በተፈጠረው ትግልም በጥይት ተመትቶ ሞተ። ሞትን ለመከልከል የወጣ ትእዛዝ ራሱ ሞት ሊያመጣ እንደሚችል የሚያውቅ ሕግ አውጪ፥ አደራረሱንም እንደ ክርክሩ ሁሉ በጥንቃቄ ሊወስን ይገባዋል።

ባጭሩ፥ አስቀድሞ መያዝን የሚፈቅደው ሕግ የሚነቀፍ አይደለም። የሚነቀፈው በኋላ እሰማለሁ ብሎ ቃል ገብቶ፥ ቀኑ ሲደርስ ባለመሣሪያውን ያለ ጠበቃ፥ በቀለለ የማስረጃ ሚዛን፥ የማስረዳትንም ሸክም ጭኖ የሚያቆመው ሕግ ነው። መዘግየቱ በአስቸኳይነት ይቅር ሊባል ይችላል፤ የሚሰማው ጆሮ ጎደሎ ከሆነ ግን የዘገየው መስማት ካለመስማት ብዙ አይለይም።