የፈለክ ዜማና የሥዕል ዝምታ

ሥዕልን የሚያጅብ ዜማ ዐይን ያየውን ለጆሮ ከመድገም አልፎ ሥዕሉ ያልተናገረውን ሊናገር ይገባዋል። ከፕላኔቶች ዑደት ዜማ ለመቀመር የተደረጉ ሙከራዎችም በዚሁ ሚዛን ይመዘናሉ።

ዮሐንስ ኬፕለር በ1619 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ፕላኔቶች ለፀሐይ ሲቀርቡና ሲርቁ የሚያሳዩትን የፍጥነት ልዩነት ወደ ድምፅ ርቀት መነዘረ። የሳተርን 4 ለ5፣ የማርስ 2 ለ3፣ የመሬት 15 ለ16 ሆነ። መሬት ከግማሽ ድምፅ ስለማታልፍ በ«ሚ» እና በ«ፋ» መካከል ብቻ ትመላለሳለች። ኬፕለር በእነዚህ ቃናዎች ሰቆቃንና ረኀብን ሰማ፤ የሁለቱ ቃላት መነሻ ቀለም በላቲን «ሚ» እና «ፋ» ነውና። ቁጥሩ ሰም፣ የሰው ልጅ ሥቃይ ወርቅ ነበር።

ሎሪ ስፒገል ይህንኑ ስሌት በኮምፒዩተር ወደ ድምፅ ለወጠችው። ሥራዋም በ1977 እ.ኤ.አ. ሁለቱ የቮዬጀር መንኮራኩሮች ይዘውት በሄዱት ሸክላ ላይ፣ ከ100 ከሚበልጡ ሥዕሎችና ፎቶግራፎች ጋር ተቀረጸ። ከሜርኩሪ ቀጭን ድምፅ እስከ ጁፒተር ወፍራም ድምፅ ሳያቋርጥ የሚንሸራተተው ቃና ለስሌቱ ታማኝ ነው፤ ያስደምማልም። ይሁን እንጂ ሥዕሎቹን የመረጡት ሰዎች ድህነትንና ጦርነትን ሆን ብለው አስቀርተዋል። ዜማውም የኬፕለርን ቁጥር ወርሶ ሐዘኑን ሳያሰማ ቀረ። ሥዕሉ የሸሸገውን ድምፁም አልገለጠውም።

ቁጥር ለሥራው ቅርጽ ይሰጣል፤ ይዘት የሚሰጠው ግን ከያኒው ነው። ከሰማይ ዑደት ዜማ የሚቀዳ ደራሲ ሽቅብ የሚለካውን ያህል፣ የቆመባት መሬት የምታሰማውንም ማድመጥ ይኖርበታል።