የሚበላ ተክል ሁሉ ምግብ ነውን?

የዱር ምግብ ዕፅዋት ለምግብ ዋስትና ያላቸው ጠቀሜታ ሲነሣ ከሚጠቀሱት ጽሑፎች አንዱ ኤርሚያስ ሉለቃል፣ ዘመደ አስፋው፣ እንሰርሙ ቀልቤሳና ፓትሪክ ቫን ዳም እ.ኤ.አ. በ2011 «አፍሪካ ፎከስ» በተሰኘው መጽሔት ያሳተሙት ክለሳ ነው። ጸሐፊዎቹ በልዩ ልዩ የሀገሪቱ ክፍሎች የተካሄዱ ጥናቶችን አሰባስበው የሚበሉ 413 የዱር ዕፅዋት ዝርያዎችን መዝግበዋል። ተበታትኖ የነበረውን ዕውቀት በአንድ ቦታ ማኖራቸው የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ሥራው በጤና ባለሙያ ዓይን ሲመረመር አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ያስነሣል። «የሚበላ» የተባለው ተክል በምን መጠን፣ በምን አሠራርና ከምን ጋር ሲበላ ነው የተራበን ሰው የሚመግበው?

ጥያቄውን ወደ ደቡብ ወሎ ደጋ ይዘነው እንሂድ። ከወረኢሉ እስከ መካነ ሰላም ባለው ከፍታ፣ እንደ ሌላው የሰሜን ደጋ ሁሉ፣ ሳማ የታወቀ ተክል ነው። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ይህ ዝርያ ለጋ ቅጠሉ ሲቀቀል መለብለቡን ይተዋል፤ በካልሲየምና በብረትም የበለጸገ ነው። በዝርዝር ውስጥ መግባቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ቅጠላ ቅጠል በ100 ግራም የሚሰጠው ኃይል በግምት 40 ኪሎ ካሎሪ ነው። ጡት የጣለ የአንድ ዓመት ተኩል ሕፃን ደግሞ በቀን ወደ 900 ኪሎ ካሎሪ ያስፈልገዋል። ይህን ከቅጠል ብቻ ለማግኘት ከ2 ኪሎ ግራም በላይ መብላት ይኖርበታል። 10 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሕፃን ሆድ ግን በአንድ ጊዜ ከ300 ግራም እምብዛም አይዝም፤ በቀን አምስት ጊዜ ቢመገብ እንኳ 1.5 ኪሎ ግራም ነው። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ብረትም ቢሆን ቫይታሚን ሲ ካለው እንደ ቀጋ ካለ ፍሬ ጋር ካልተበላ ወደ ደም የሚገባው ጥቂቱ ነው። ስለዚህ ሳማ የምግብ ማሟያ እንጂ የእህል ምትክ ሊሆን አይችልም። የዝርያዎች ብዛት ይህን ልዩነት አያሳይም።

የአሠራሩ ጉዳይ ከዚህም የከበደ ነው። ለዚህ ከጓያ የበለጠ ምስክር የለም። ጓያ የሚዘራ ሰብል እንጂ የዱር ተክል አይደለም፤ ሆኖም ድርቅን ተቋቁሞ ሌላው እህል ሲያልቅ ስለሚቀር የችግር ጊዜ ምግብን ባሕርይ በግልጽ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1999 ከበሽሎ ወንዝ ማዶ በደላንታ ዳውንት በተነሣው የጓያ ሽባነት ወረርሽኝ ወደ 2000 የሚጠጉ ሰዎች ተጎድተዋል። ይህ ሽባነት የማይመለስ ነው። ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቹ በሽተኞቹን ከጤነኞች ጋር አነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጡት ጥናት፣ ጓያን በቆሎ፣ በንፍሮና በጥሬ እሸት መልክ መብላት ለሽባነት እንደሚያጋልጥ፣ በእንጀራ፣ በቂጣና በወጥ መልክ መብላት ግን ከአደጋው ጋር እንዳልተያያዘ አሳየ። ከእህል ጋር መደባለቁና ቅመማ ቅመም ባለበት ወጥ መበላቱም አደጋውን ቀንሷል። ዘሩ አንድ ነው፤ አንዱን ቤት የመገበው ሌላውን ቤት ሽባ አድርጓል። «የሚበላ ነው» የሚለው ቃል ለሁለቱም ቤቶች እኩል እውነት ነበር፤ ለሐኪሙ ግን ምንም አልነገረውም።

ሦስተኛው ነጥብ ጊዜን ይመለከታል። ይቭ ጊናንድና ደቻሳ ለሜሳ በደቡብ ኢትዮጵያ ባደረጉት ዳሰሳ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጽሑፍ፣ ሰው ወዶ የሚበላውን የዱር ፍሬ ተቸግሮ ከሚበላው ለይተዋል። ይህ መለያ ለእኛ ሙያ እጅግ ይጠቅማል። ችግር ያመጣው ተክል በማዕድ ላይ መታየቱ የቤቱ እህል ማለቁን የሚያመለክት ምልክት እንጂ የምግብ ዋስትና ማስረጃ አይደለምና። ሁለቱን ሳይለዩ የዱር ዕፅዋትን በመፍትሔነት ማቅረብ ምልክቱን እንደ መድኃኒት መቁጠር ይሆናል።

የክለሳው ጸሐፊዎች ራሳቸው ተጨማሪ ጥናት እንዲካሄድ አሳስበዋል። ወደፊት የሚወጡ ዝርዝሮች ከተክሉ ስም ጎን መቼ እንደሚበላ፣ እንዴት እንደሚሠራና ከምን ጋር እንደሚቀርብ ቢያሰፍሩ ለጤና ጣቢያ አገልግሎት ይበቃሉ። እኛም ከወቀሳው ነፃ አይደለንም። በሽተኛን ስንጠይቅ ስለ ምግቡ አንድ መስመር ጽፈን እናልፋለን። በነሐሴና በመስከረም፣ አዲሱ እህል ከመድረሱ በፊት፣ «ምን በላችሁ?» ብለን ብቻ ሳይሆን «እህሉ መቼ አለቀ? የምትበሉትንስ እንዴት ትሠሩታላችሁ?» ብለን ልንጠይቅ ይገባል። እግሬ ከበደኝ፣ ባቴን ያዘኝ የሚል ወጣት ገበሬ ሲመጣ ይህ ጥያቄ መራመድ ሳይሳነው ሊያተርፈው ይችላል፤ የሕፃኑን ክንድ ዙሪያ ስንለካም የቀጭኑ ክንድ ምክንያት የሚገኘው በዚሁ መልስ ውስጥ ነው።