ሲሚንቶ የለበሰው ጭቃ

በ1873 ዓ.ም. የነገሡት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በከተሙባት በዱሮዋ መንቆረር፣ በዛሬዋ ደብረ ማርቆስ፣ የአያት ቤት የወረሰ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ሲሚንቶ ፍለጋ ነው። የጥድ ቋሚ ቆሞ፣ ማገር ታስሮ፣ ከጤፍ ጭድ ጋር ቦክቶ በሰነበተ ጭቃ የተመረገውን ግድግዳ ያስለስነዋል፤ ቀለም ይቀባዋል፤ «ቤቱ ታደሰ» ብሎም ዘመድ ይጠራል። ለመሆኑ ታደሰ ወይስ ታፈነ?

እኛም ቤት የሆነው ይኸው ነው። አያቴ ክረምት በወጣ ቁጥር ግድግዳዋን በአፈርና በአዛባ ትለቀልቅ ነበር። እኛ የተማርነው የልጅ ልጆች ግን አዋጥተን በሲሚንቶ አስለሰንነው። በሦስተኛው ዓመት ከመስኮቱ ሥር ልስኑ ሲመቱት እንደ ከበሮ ይጮህ ጀመር። ብናስፈነቅለው ማገሩ በስብሶ በእጅ ይፈረፈራል!

ጭቃ ርጥበት ይጠጣል፤ ፀሐይ ሲያገኝ መልሶ ይተፋዋል። ሲሚንቶ በስንጥቁ ውሃ ያስገባና መውጫውን ይዘጋል። በእንግሊዝ አገር፣ በዴቨን፣ ስንት ዘመን የኖሩ የጭቃ ቤቶች በዚሁ ልስን ሰበብ ውስጥ ውስጡን ረጥበው ተደርምሰዋል።

«አቅም የለኝም» የሚለው ሰው ለሲሚንቶ የሚያወጣውን ገንዘብ ቆርቆሮው ላይ ቢያውለው፣ ክፍክፉን ቢያስረዝም፣ አሸንዳ ቢያስገባ፣ በመሠረቱ ዙሪያ ቦይ ቢያስቆፍር ምን ነበረበት? መደቡን አፍርሶ ሶፋ የሚያስገባውንማ ተዉት፤ የእናቱን ሌማት ጓሮ ጥሎ የፕላስቲክ አበባ ይሰቅላል።

እኛ አሁን ልስኑን በመሮ እያነሣን ነው። ጭዱን ከጎረቤት አገኘን፤ ጭቃው ጓሮ ውስጥ እየቦካ ነው፣ ሽታው አይጣል ነው። ከደረቀ በኋላ ላዩን ኖራ እንቀባዋለን።