ኢምፕላንቱ የወጣ ቀን

አዲስ የተመደበችልን አዋላጅ ሰሞኑን፣ «ሲስተር፣ ላላረገዘች ሴት ለምን ፎሌት ይሰጣሉ? የእርግዝና ክትትል ስትጀምር እንሰጣት የለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ብዙ ባልደረቦቼም የሚያስቡት እንደዚያ ነው። እኔ ግን አልስማማም።

የጽንሱ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሠሩበት፣ በደንብ ለመዘጋት ፎሌት የሚያስፈልገው ቱቦ የሚዘጋው በተፀነሰ በ28ኛው ቀን ገደማ ነው። ያን ጊዜ እናቲቱ የወር አበባዋ መቅረቱን ገና መጠርጠሯ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክትትል የጀመሩት እናቶች 28 በመቶ ብቻ ናቸው። እዚህ ቦሌም ቢሆን የሰው ዐይን ፈርታ ሆዷ እስኪገፋ የምትደብቅ ብዙ ናት። የፎሌቱ ኪኒን እጇ ሲገባ የቱቦው ነገር አልቋል።

ስለዚህ እኔ የምታገለው በቤተሰብ ዕቅድ ክፍል ነው። አንዲት ሴት ከገርጂ ወይም ከጎሮ መጥታ «ሲስተርዬ፣ መውለድ ፈልጌአለሁ፣ አውጪልኝ» ብላ የእርግዝና መከላከያ ኢምፕላንት የተቀበረበትን ክንዷን ስትዘረጋልኝ፣ ፎሌት ለመጀመር ከዚያ የተሻለ ቀን ከየት ይመጣል? ማደንዘዣውን ወግቼ ክንዷ እስኪደነዝዝ አወራታለሁ። ኢምፕላንቱ ከወጣ መፀነስ ብዙ አይዘገይም፤ ፋሻውን እንዳሰርኩላት በየቀኑ የምትውጠውን 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ (በኪኒን የሚሰጠው ፎሌት) ያለበትን ኪኒን አስይዛታለሁ። ጀርባው የተከፈተ ልጅ ከዚህ በፊት ወልዳ ከሆነ ግን የሚያስፈልጋት መጠን ከፍ ያለ ስለሆነ ሐኪም ዘንድ እልካታለሁ።

«ምስርና ጎመን እየበላች ኪኒን ለምን?» ይሉኛል። ምስሩ መልካም ነው። ጎመኑን ግን ቀቅለን፣ ጨምቀን ውኃውን እንደፋዋለን፤ ፎሌት ደግሞ በውኃ ይሟሟል፣ እሳትም ይጎዳዋል። በ2022 እ.ኤ.አ. የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድ እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደረጃ ሲወጣ ደስ ብሎኛል፤ የአዲስ አበባ ሰው ዋና ምግብ ግን የጤፍ እንጀራ ነው።

ያለ ጊዜው ስለ መውለድ ስጠየቅ እጠነቀቃለሁ። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ 35,000 ገደማ አሜሪካውያን እናቶችን ያየ ጥናት፣ ከመፀነሳቸው በፊት አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ፎሌት በወሰዱት ዘንድ እጅግ ቀድሞ መወለድ አነስተኛ እንደነበር አሳይቷል። ነገር ግን ጥናቱ ምልከታ እንጂ ሙከራ አልነበረም፤ ፎሌት የሚወስዱ ሴቶች በሌላም ነገር ለራሳቸው የሚጠነቀቁ ሊሆኑ ይችላሉ። በእርግዝና ወቅት በተሰጠ ፎሌት ላይ የተደረጉት ሙከራዎችም ይህን በግልጽ አላረጋገጡም። ስለዚህ ለእናቶች የምምለው ስለ ሕብለ ሰረሰሩ ብቻ ነው።

ወደ ሙያው ስገባ ልቤ ያለው ማዋለጃ ክፍል ነበር። ጀርባው ያልተዘጋ ሕፃን ተቀብዬ ለእናቱ ማሳየት ግን ልቤን ሰበረው፤ ወደ ቤተሰብ ዕቅድ የመጣሁት ራሴ ጠይቄ ነው። አሁን ዐይኔ እጮኞች ላይ ነው። ለጥር ሰርግ ኪኒኑ በኅዳር መጀመር አለበት። ጥንዶቹ ከሰርጉ በፊት ለኤች አይ ቪ ምርመራ እኛው ዘንድ ይመጣሉ፤ ውጤታቸውን ሲቀበሉ ኪኒኑም አብሮ ለሙሽራዪቱ ይሰጣት እላለሁ፣ በየስብሰባውም እጄን አወጣለሁ።