«መረጃ» የተሸከመው ትርጉም፦ በጤና ሠራተኞች የዲጂታል ሥልጠና ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ
የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ለብዙ ዓመታት የሠራተኛዋ መመዝገቢያ ወረቀት ነበረ። ዛሬ ግን በብዙ ጤና ኬላዎች ታብሌት ገብቷል፤ ሥልጠናውም አዳዲስ ስያሜዎችን ይዞ መጥቷል። ከእነዚህ መካከል የሚመሰገኑ አሉ። «የይለፍ ቃል» ለዚህ አብነት ነው፤ ከወታደር የጥበቃ ልማድ የተወሰደ በመሆኑ ሠልጣኙ ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳዋል። ነቀፌታችን የሚያርፈው «መረጃ» በሚለው ቃል አጠቃቀም ላይ ነው።

ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. የተሠራበት የጤናው ዘርፍ ዕቅድ ከአራቱ የትራንስፎርሜሽን አጀንዳዎቹ አንዱን «የመረጃ አብዮት» ብሎ ሰይሞታል። በሥልጠናውም «መረጃ መሰብሰብ»፣ «የመረጃ ጥራት»፣ «መረጃን ለውሳኔ መጠቀም» የሚሉት ሐረጎች ይደጋገማሉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሐረጎች ቃሉ ገና ያልተተነተነውን ቁጥር ያመለክታል፤ በሦስተኛው ግን ከቁጥሩ የተገኘውን ዕውቀት ነው። ልዩነቱ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ብቻ የሚታይ አይደለም። በአንድ ቀበሌ 40 ሕፃናት የኩፍኝ ክትባት ወሰዱ እንበል። ይህን በታብሌት ማስገባት ምዝገባ ነው። መከተብ የነበረባቸው 50 መሆናቸው ታውቆ ከአምስቱ አንዱ እንደ ቀረ ሲታይ ግን የቤት ለቤት ፍለጋ ይጀመራል። ሁለቱም «መረጃ» ከተባሉ፣ ቁጥሩን የላከችው ሠራተኛ ሥራዋን የፈጸመች ሊመስላት ይችላል፤ ዐሥሩ ሕፃናት ግን እንደ ቀሩ ናቸው።

የቃሉ አመሠራረትም ይህን አጠቃቀም አይደግፍም። «ማስረጃ» ከ«አስረዳ» እንደ ወጣ ሁሉ «መረጃ»ም የ«ተረዳ» ዘመድ ነው፤ ይኸውም መረዳት የሚገኝበት ማለት ነው። ስለዚህ አንዳንድ ተርጓሚዎች የሚጠቀሙበት «ጥሬ መረጃ» እርስ በርሱ ይጋጫል፤ ሊጥን «ጥሬ እንጀራ» ብሎ እንደ መጥራት ነው። ሊጥ የራሱ ስም አለው።

በእኛ አስተያየት ያልተተነተነው «ዳታ» ቢባል ይሻላል። ባዕድ ቃል ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ነገር ግን «ክሊኒክ»ንና «ሆስፒታል»ን የተቀበለ የጤና አማርኛ ይህን ለመቀበል አይቸገርም፤ ቃሉም በሥራ ቦታ ንግግር ውስጥ ከገባ ቆይቷል። «መረጃ» ለተተነተነው፣ «ማስረጃ» ነገር ለሚረጋገጥበት ይቆዩ። የሥልጠና መምሪያ ተርጓሚዎች የሦስቱን ፍቺ በመጀመሪያው ገጽ አስፍረው እስከ መጨረሻው ቢጠብቁት፣ ሠልጣኟ የላከችው ቁጥር ምን እንደሚጠይቃት ታውቃለች።