የሁለት ቀን ጎንደር
(ስለ አንድ የጉዞ ፕሮግራም የቀረበ ትችት)

መሸንቲን ያለፋት ብዙ ነው፤ ያያት ግን ጥቂት ነው። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በመራዊና በዳንግላ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ ሁሉ በመስኮት ገረፍ አድርጎ ያልፋታል። አውቶቡሱ ቢቆም እንኳ ሰው ለማውረድ ያህል ነው። ስለዚህ ስለ ጉብኝት የምጽፈውን ይህን ትችት ከመሸንቲ ብጀምረው አንባቢ እንዳይገረምብኝ። ማለፍና ማየት ለየቅል መሆናቸውን በመንገድ ዳር ከተማ ከሚኖር ሰው የበለጠ የሚያውቅ የለምና።

የእኅቴ ልጅ በዚያች ከተማ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው። እርሱና ሦስት የሥራ ባልደረቦቹ እቁብ ገብተው፣ ከደመወዛቸው ላይ እየቆነጠሩ፣ ጎንደርን ለማየት ማጠራቀም ከጀመሩ ሰነባብተዋል። ባለፈው ስንገናኝ ከኪሱ አንድ የደብተር ቅጠል አወጣና «ጋሼ፣ እርስዎ ብዙ ዞረዋል፤ እስቲ ይዩትና የጎደለ ካለ ይጨምሩበት» አለኝ። ቡና እስኪፈላ ድረስ አነበብኩት። እንዲህ ይላል፦

«ሐሙስ፦ ጠዋት 12፡00 ከመሸንቲ መነሣት። 5፡00 ጎንደር መግባት። 6፡00 ምሳ። 7፡30 የፋሲል ግቢ። 9፡00 የፋሲል መዋኛ። 10፡00 ደብረ ብርሃን ሥላሴ። ማታ የባህል ምሽት። ዓርብ፦ 2፡00 ቁስቋም። 3፡30 ዕቃ መግዛት። 5፡00 ምሳ፣ ዶሮ ወጥ። 6፡30 መመለስ።»

«የጎደለው ብዙ ነው፤ የሚቀነሰው ግን ይበልጣል» አልኩት። ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነበር። የጉዞ ፕሮግራም ተራ የሰዓት ዝርዝር ቢመስልም ራሱን የቻለ የጽሑፍ ዓይነት ነው። ደራሲ አለው፤ የታሰበ አንባቢ አለው፤ የሚናገረውና የሚሸሽገው አለው። ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ ይተቻል።

ከምሳው እንጀምር

መምህራችን ለዓርብ ምሳ ዶሮ ወጥ ጽፏል። እርሱ ራሱ ዓርብን ይጾማል! ባልደረቦቹም ይጾማሉ። ታዲያ ዶሮው ከየት መጣ? «ጎብኚ ዶሮ ወጥ ይበላል» ከሚል፣ ማን እንደጻፈው ከማይታወቅ ሌላ ወረቀት የመጣ ነው። መምህሩ ፕሮግራሙን ሲጽፍ ለአንድ አፍታ ራሱን ረስቶ ሌላ ሰው ሆኗል። ያ ሌላ ሰው ጾም የለውም፤ ዘመድ የለውም፤ ቋንቋ አይሰማም፤ የሚቸኩልበት አውሮፕላን ግን አለው።

ይህ ሰው ማን እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። በ1950ዎቹ የቱሪስት ድርጅት ሲቋቋም፣ በአቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ መሪነት ሀገራችን ለውጭው ዓለም «የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ» ተብላ ተዋወቀች። ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላና አክሱም በአንድ ገመድ ተቋጥረው «ታሪካዊው መስመር» ተባሉ። ለዘመኑ ትልቅ ሥራ ነበር፤ ማንም አይክደውም። ነገር ግን መስመሩ የተሠመረው በአውሮፕላን መጥቶ በአውሮፕላን ለሚሄድ እንግዳ ነው። የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ የሚለው መፈክር ክረምትን አያውቅም፤ ጾምን አያውቅም፤ ሐምሌ ላይ ጎንደር በጉም ተሸፍና ስትውል አላየም። ለእንግዳ የተሰፋውን ልብስ የቤቱ ልጅ ሲለብሰው ነው ዶሮው ዓርብ ላይ የሚወድቀው።

የጾሙ ነገር የሃይማኖት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የማዕድ ጉዳይም ነው። የእኛ ፕሮግራሞች የጾምን ቀን እንደ ጉድለት ቆጥረው ያዝኑበታል፤ ወይም ጭራሽ አያነሡትም። ስልጆው፣ የሱፍ ፍትፍቱ፣ ተልባው፣ አዚፋው፣ ሽሮው ግን የጉድለት ምግብ አይደሉም። ባቄላን ከሰናፍጭ ጋር አዋሕዶ፣ አብላልቶ፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ስልጆ ማውጣት የስንት ትውልድ ጥበብ ነው። ጎንደር የካህናትና የሊቃውንት ከተማ ነበረች፤ እንዲህ ያለች ከተማ ማዕድዋን በጾም ቀን ነው የምታሳየው።

ሌሎች ይህን አውቀውበታል። የጃፓኗን ኪዮቶን እንይ። እርሷም እንደ ጎንደር የቀድሞ መናገሻ ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ794 ጀምሮ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የንጉሠ ነገሥቱ መቀመጫ ሆና ኖራለች። በገዳሞቿ መነኮሳት ሥጋና ዓሣ ሳይነኩ፣ ከአኩሪ አተርና ከአትክልት ብቻ ያዳበሩት ማዕድ አለ፤ ሾጂን ርዮሪ ይሉታል። ዛሬ ለዚያ ማዕድ ሲል ብቻ ኪዮቶ የሚሄድ ጎብኚ አለ። እኛ ግን የጾም በያይነቱን «ሌላ ነገር ከሌለ» ብለን እናዛለን።

ግንቡና ግብሩ

ሁለተኛው ስሕተት ምሳን ለብቻ፣ ግንብን ለብቻ መጻፉ ነው። ጎንደር ላይ ሁለቱ አይለያዩም። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ከቆረቆሯት ወዲህ የነገሡት ነገሥታት እያንዳንዳቸው በአባታቸው ቤት መግባት ሳይበቃቸው በዚያው ግቢ የየራሳቸውን ሕንፃ አቁመዋል። የፋሲል ግንብ፣ የአድያም ሰገድ ኢያሱ ቤተ መንግሥት፣ የዳዊት የመዝሙር ቤት፣ የበካፋ ቤት፣ የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ፣ ሁሉም ዘጠኝ መቶ ሜትር ያህል በሚዞር ቅጥር ውስጥ ተሰብስበው ይገኛሉ። የበካፋ ቤት ትልቅ የግብር አዳራሽ አለው። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ቆሞ ጣሪያ የሌለውን ርዝመቱን ያየ ሰው በዚያ ዘመን መግዛት ማለት ማብላት እንደነበር ያለ አስተማሪ ይገባዋል። ማን በየትኛው ተራ ተቀመጠ፣ ለማን የትኛው ብልት ደረሰ፣ ማን ጠጅ ማን ጠላ ቀመሰ፣ ይህ ሁሉ የመንግሥት ጉዳይ ነበር። ስለ ምግብ የሚጽፍ የጎንደር ፕሮግራም ከምግብ ቤት ሳይሆን ከበካፋ አዳራሽ መጀመር ነበረበት።

መምህራችን ለዚህ ሁሉ አንድ ሰዓት ተኩል መድቧል። ለቁስቋምም ያንኑ ያህል። ቁስቋም እኮ እቴጌ ምንትዋብ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት ሠርታ፣ ከከተማው ግርግር ራቅ ብላ የኖረችበት ኮረብታ ነው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ወደ ጎንደር በመጣ ጊዜ የተቀበለችው እዚያ ነበር። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ከተማዋን ሲያቃጥሉ ቁስቋምም ተቃጠለ። ከእሳቱ ከተረፉት ጥቂት አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው፤ ንብ ተነሥቶ ጠላትን አባረረ ይላል የሀገሬው ሰው። እንግዲህ የሥላሴን ጣሪያ ሞልተው ቁልቁል የሚያዩትን የመላእክት ፊቶች ማየት ያለበት ሰው የቁስቋምን ፍርስራሽ አስቀድሞ ማየት አለበት። ምን እንደጠፋ ያላወቀ ምን እንደተረፈ አያውቅም። ፕሮግራሙ ግን ሥላሴን ሐሙስ፣ ቁስቋምን ዓርብ አድርጎ ነገሩን ገለበጠው።

እስከ 5፡00 ያለው ባዶ

ሦስተኛው ስሕተት የበለጠ ያሳዝነኛል፤ የመሸንቲ ልጅ ሊሠራው አይገባም ነበርና። «12፡00 መነሣት፣ 5፡00 መግባት» ይላል። በመካከል ምንም የለም። ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ ሁሉ መሬት ባዶ ሆነ ማለት ነው? መሸንቲን በመስኮት ያለፏት ሰዎች የሠሩትን በደል እርሱም ወረታ ላይ፣ አዲስ ዘመን ላይ፣ እንፍራንዝ ላይ ሊደግመው ነው!

ወረታ የፎገራ ሜዳ ከተማ ናት። ፎገራ በከብቱ የታወቀ ሀገር ነበር፤ በደርግ ዘመን ደግሞ ሩዝ ገባበት። ዛሬ የአካባቢው ሴቶች የሩዝ ዱቄት ከጤፍ ጋር ቀላቅለው እንጀራ ይጋግራሉ። በዚያው ወረታ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቁሟል፤ ጃፓኖችም በሥራው አግዘዋል። ለምግብ ብሎ የተነሣ መንገደኛ ወረታ ላይ ወርዶ ያንን እንጀራ ሳይቀምስ ቢያልፍ ምን ይባላል? እንፍራንዝ አጠገብ ደግሞ የጉዛራ ግንብ አለ፤ ለዐፄ ሠርፀ ድንግል የሚሰጥ፣ ከጎንደር ግንቦች የሚቀድም። የጎንደር ታሪክ መቅድሙ መንገድ ላይ ነው፤ መምህራችን ግን መጽሐፉን ከመካከሉ ሊከፍት ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ።

የተጓዥ ዓይን

ቀድሞ የሄዱት እንዲህ አልነበሩም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ደርሰው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተሰኘ መጽሐፍ አሳትመዋል። ሰውዬው የሄዱት ለመንግሥት ሥራ ነው፤ ነገር ግን ያዩትን ከሀገራቸው ጋር እያመዛዘኑ አዩ፤ አይተው ጻፉ። ከእኛ ውስጥ ጎንደርን አይቶ አሥር ገጽ የጻፈ መምህር ስንት ይሆናል? ፎቶግራፍ ያለው ግን ብዙ ነው።

ሩጫው ደግሞ መጨረሻ የለውም። ጎብኚ ብቻ እየቆጠረ የሄደ ከተማ ምን እንደሚገጥመው ኪዮቶ አሳይታናለች። ጊዮን በሚባለው ጥንታዊ ሰፈር ነዋሪዎች በጎብኚ ግፊያ ተማርረው እ.ኤ.አ. በ2024 የግል የሆኑትን ስርጥ መንገዶች ዘግተዋል። እንግዳ መስተንግዶን የሚያህል ወግ ያላት ሀገር በሯን የዘጋችው እንግዳው ሰው መሆኑን ትቶ ዓይን ብቻ ስለሆነባት ነው። ጎንደር እዚያ አልደረሰችም፤ የእርሷ ችግር ሌላ ነው።

ይህን ችግር ሳይጠቅሱ ማለፍ ደግሞ ከቶ አይቻልም። የእኅቴ ልጅ ፕሮግራም ለመጀመሪያ ጊዜ የተጻፈው ለ2016 ዓ.ም. ጥምቀት ነበር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ጦርነት ተነሣ። መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ፕሮግራሙ ሦስት ጊዜ ተጽፎ ሦስት ጊዜ ተሰረዘ። ጎንደር ላይ በእንግዳ የሚኖሩት አስጎብኚ፣ እንጀራ ጋጋሪ፣ ባለ ጋሪ ስንት ቀን ባዶ እጃቸውን እንደዋሉ እነርሱ ይቁጠሩት። የደብተሩ ቅጠል ከመተጣጠፉ ብዛት ማጠፊያው ላይ ተቀዷል። ይህን ሳይ ነው የፕሮግራሙ ጥድፊያ በሌላ መልኩ የገባኝ። መምህሩ የቸኮለው ስለማያውቅ ብቻ አይደለም፤ መንገዱ ተመልሶ ሳይዘጋ አይቶ ለመመለስ ነው። ሁለት ቀን የጻፈው ሦስተኛውን ቀን ስለማያምነው ነው።

ሆኖም የምለውን አልተውኩም። ጊዜ ያጠረው ሰው ብዙ ለማየት ሳይሆን ጥቂት በደንብ ለማየት ነው ማሰብ ያለበት። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ብዕር ተቀብዬው አዲስ ጻፍን፦

«ሐሙስ፦ ጠዋት 12፡00 መነሣት። ወረታ ቁርስ፣ የሩዝ እንጀራ። እንፍራንዝ፣ ጉዛራ። ከሰዓት ጎንደር፤ ከዚያ በኋላ የፋሲል ግቢ ብቻ። የበካፋ አዳራሽ ውስጥ መቀመጥ። ማታ የባልደረባችን አክስት ቤት። ዓርብ፦ ጠዋት ቁስቋም፤ ቀጥሎ ሥላሴ። ምሳ የጾም፣ ስልጆ መጠየቅ። ከዚያ መመለስ።»

የፋሲል መዋኛን አወጣነው። ከቀሃ ወንዝ ውኃ ተስቦ ሲሞላ፣ ታቦታት ወርደው ሕዝብ ሲከበው ነው እርሱ የሚያምረው፤ ለጥር 11 ይቆይ አልን። ዕቃ መግዛቱም ቀረ። አክስቲቱን ያስታወሰው መምህሩ ነው። ከባልደረቦቹ አንዱ ጎንደር ውስጥ አክስት እንዳለችው፣ በመጀመሪያው ፕሮግራም ግን አንድም ቦታ እንዳልጻፏት ትዝ አለውና አፈረ። የሆቴል ስም ፈልገው ሲጽፉ ዘመድ ረስተዋል!

«ጋሼ፣ ይህ ግን ጉብኝት ሆነ ወይስ ጥየቃ?» አለኝ።

«ልዩነታቸውን ስታውቀው ንገረኝ» አልኩት።

ወረቀቱን በአዲሱ በኩል አጥፎ ኪሱ ከተተው። ቀኑን አልጻፈበትም። ሐሙስና ዓርብ ብቻ ነው የሚለው፤ የየትኛው ወር ሐሙስ እንደሆነ መንገዱ ይወስናል።